ስሬቴን የጣለው ፖም

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ዛሬ ከሆስፒታል ወጣሁ። ከአንገቴ ሥር ወደ ግራ ትከሻዬ የሚዘረጋው አጥንት ለሁለት ተሰብሮ ስለ ነበር ሐኪሙ ቀደው በብረት አያይዘውታል። «ስድስት ሳምንት ምንም ነገር እንዳታነሣ» አሉኝ። ሙያዬንም ጠየቁኝ። በአለቃ ቲሆሚር የመለከት ጓድ ውስጥ ሄሊኮን የምነፋ መሆኔን ነገርኋቸው፤ ሄሊኮን ማለት በሰው ገላ ላይ እንደ ዘንዶ ተጠምጥሞ በግራ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ትልቁ የነሐስ መለከት መሆኑንም አስረዳሁ። ሐኪሙም፣ «ዋሽንት መማር አትችልም?» አሉ።

ይህን የምጽፈው በጋሽ ሚሎይኮ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። የወደቅሁት በእሳቸው ግቢ፣ በልጃቸው በኮሳና ሠርግ ቀን ነው። «በእኔ ግቢ የተሰበረ በእኔ ቤት ይድናል» ብለው ወደ ሌላ ማረፊያ እንዳልሄድ ከለከሉኝ። የተወለድሁበት መንደር በደቡብ በኩል በባቡር አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ስለ ሆነ፣ እሺ ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

የተማርሁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ነገር ግን መምህራችን፣ «ዓረፍተ ነገሩን ሳይቋጭ የሚተው ሰው ቀበቶውን ሳይታጠቅ አደባባይ እንደ ወጣ ሰው ነው» ይሉ ስለ ነበር፣ የጀመርሁትን ሁሉ ቋጭቼ ለመጻፍ እተጋለሁ።

እንዴት እንደ ወደቅሁ ግን አልጽፍም። ለሰው እንደማልናገር በዳቦና በጨው ምያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

የጋሽ ሚሎይኮ እናት እማማ ክሩኒያ የጎመን ቅጠል በፕሪም አረቄ ነክረው ትከሻዬ ላይ ሊያስሩ መጡ። ቁስሉ እንዳይነካ ሐኪሙ ማዘዛቸውን በትሕትና ገለጽሁ።

«ሐኪሙ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ አምስት ቢሆናቸው ነው፣ እማማ።»

«እኔ እሱ ሳይወለድ ነው ጎመን የምተክለው። በል ዞር በል።»

ዞርሁ። ከዚያም መስኮቱ እንዲከፈት ለመንሁ፤ ምድጃው ይነዳል፣ አረቄው ይሸታል፣ ጎመኑ ይሞቃል።

«በሩ ክፍት ሆኖ መስኮት ይከፈት? ልትገድለኝ ነው ወይስ ልትሞትብኝ? ነፋስ በአጥንት ስንጥቅ ከገባ በጆሮ ካልሆነ አይወጣም!»

ጆሮዬን ከሰዓት በኋላ ሁሉ ስዳስሰው ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ብዙ ካሰብሁ በኋላ ደብተር ሰው እንዳልሆነ ደመደምሁ። ስለዚህ ለደብተር መንገር መሐላ ማፍረስ አይደለም።

ሙሽራው ፖሙን በጥይት ሳይጥል የሙሽሪት ቤት በር እንደማይከፈት የታወቀ ነው። ፖሙ በጋሽ ሚሎይኮ የፒር ዛፍ ጫፍ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ እኛ እየነፋን ነው፤ ሙሽራው ስሬቴን ይተኩሳል። ስሬቴን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ መሆኑን ሁሉም ይመሰክርለታል። የመጀመሪያው ጥይት ሰማዩን መታው። አራተኛው የጎረቤትን ጭስ ማውጫ ነካ። በሰባተኛው ላይ የሙሽሪት ወገኖች፣ «ፖሙን ወደ አፈሙዙ እናምጣልህ ወይ?» ማለት ጀመሩ። በአሥራ አንደኛው ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጠቦቱም በእሳቱ ላይ ማረር ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ሚሎይኮ እጅጌዬን ያዙኝ። «ስታመን ወንድሜ፣ አንተ ቀጭን ነህ። በጀርባ በኩል ውጣና ሲተኩስ ክሩን በጥስልኝ። ልጄ በር ላይ አርጅታ ትቅር?»

ሄሊኮኔን አጥር ላይ አስደግፌ ወጣሁ። ቢላዋ ስላልነበረኝ ክሩን በጥርሴ ያዝሁት። አሥራ ሁለተኛው ጥይት ሲጮኽ ነከስሁ። ፖሙ ወደቀ። ጥይቱ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም፤ ወደ እኔ አለመምጣቱን ብቻ አውቃለሁ። ሕዝቡ እልል አለ፣ መለከቶቹ ፈነዱ፤ እኔም ፈጥኖ ወደ ቦታ መመለስ ተገቢ ነው ብዬ በሌለ ቅርንጫፍ ላይ ረገጥሁ።

ሁለት ጭፈራ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ጩኸቴን አልሰማም። በመጨረሻ ጋሽ ሚሎይኮ ጎንበስ ብለው፣ «ሰው ከጠየቀህ ፒር ልሰርቅ ነው የወጣሁት በል። ማልልኝ!» አሉኝ። ማልሁ። በዚያ ሰዓት ማንኛውንም ነገር እምል ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

አለቃ ቲሆሚር ሊጠይቁኝ መጡ። ኮፍያቸውን አላወለቁም፤ ይህ መጥፎ ምልክት ነው።

«ሠርግ መሐል መለከቱን አጥር ላይ ጥሎ ዛፍ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ።

«ጥፋተኛ ነኝ፣ አለቃ።»

«ሰክረህ ነበር?»

ይህ በመሐላዬ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ የምመልሰው አጣሁ። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠሩት።

«የእህቴ ልጅ ኦብራድ አንተን ተክቶ እየነፋ ነው። ኖቬምበር 10 እሑድ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ይዳራል። የዓመቱ ትልቁ ሠርግ ነው። በዚያ ቀን ሄሊኮኑን የነፋ የከርሞም ሰው እሱ ነው። አስብበት።»

እያሰብሁበት ነው። ከጓዱ ከወጣሁ በዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም፤ የማውቀውም ሥራ የለም። ኦብራድ እንደ በሬ ጠንካራ ነው። እኔ ግን በጎመን ታስሬአለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ስሬቴንና ኮሳና ለምሳ መጡ። ስሬቴን ፖሙን በስልሳ እርምጃ ርቀት እንደ መታው ለእማማ ክሩኒያ ተረከላቸው። አርባ እርምጃ መሆኑን አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን አላረምሁትም።

«አየህ ስታመን» አለኝ፣ ጉልበቴን እየመታ፣ «እኔ ከታች ሆኜ ፖም ስጥል አንተ ከላይ ሆነህ ፒር ትሰርቃለህ! ሰውና ሰው አንድ አይደለም።»

ጋሽ ሚሎይኮ ሳል ያዛቸውና ወደ ውጭ ወጡ። ብርድ ሳይመታቸው አይቀርም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

በችኮላ። እማማ ክሩኒያ ወደ በረት ሄደዋል። መስኮቱን በቀኝ እጄ ከፈትሁ። አየር! የፕሪም ሽታ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ። የእግር ኮቴ። ዘጋሁ። ጎመኑ ወለል ላይ ወድቋል፤ ድመቷ

ከአንድ ሰዓት በኋላ። ከላይ ያለውን ሳልቋጭ በመተዌ አፍራለሁ። ድመቷ ጎመኑን ወስዳ በአረቄው ምክንያት ምድጃው ሥር ተኝታለች። እማማ ክሩኒያ የድመቷ ድካም ከነፋስ የመጣ መሆኑን ወስነዋል፤ ማን መስኮት እንደ ከፈተም እየመረመሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ኮሳና የቅቤ ቂጣ ይዛልኝ ብቻዋን መጣች። አያቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ ወደ አልጋዬ ጎንበስ አለች።

«ስታመን፣ አባቴን የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ዛፉ! ማለቴ አንተን ወደ ዛፉ። ‹አባባ አንድ ነገር አድርግ፣ አለዚያ እኔ ራሴ ወጥቼ እነክሰዋለሁ› አልሁት። አባቴ ግን ይህን እንዳልነገርሁህ ይመን፤ ደግሞ ስሬቴን እንዳይሰማ! ቢሰማ ይሞታል። በእኔ ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄደው በዚያች ፖም ነው።»

ከእኔ እንደማይወጣ ቃል ሰጠሁ።

«እኔ'ኮ በመስኮት ጫማህን እያየሁ ነበር» ብላ ሳቀች። «ቡኒውን ጫማ። ሁለቱም ከቅጠሉ በታች ተንጠልጥለው።»

ይህ ትንሽ አሳሰበኝ። ሆኖም መስኮቱ ከዛፉ ጋር ልዩ አቅጣጫ ስላለው፣ ከመስኮቱ በቀር ከሌላ ቦታ ጫማዬ ሊታይ እንደማይችል አመዛዝኜ ተረጋጋሁ። ግቢው ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ነበር፤ ግን ሁሉም ፖሙን እያዩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤዋን የሚያነብላት ፖስተኛው ነው፤ የሚያነበውም በመጠጥ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ጮክ ብሎ ነው። ስለዚህ ቀላል ጉንፋን እንደ ያዘኝ ብቻ ገለጽሁ። ከወደቅሁ ወዲህ የዋሸሁት ብዛት በሃያ ሦስት ዓመቴ ከዋሸሁት ይበልጣል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ስሬቴን መጣ። ከኋላው በሩን ዘጋ፤ መጋረጃውንም ሳበ። ጠርሙስ አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ጫማውን ተመለከተ።

«ስታመን፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ።»

«አመሰግናለሁ።»

«በአሥራ ሁለተኛው ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ጠመንጃው ወደ መሬት ዞሮ ነበር እኮ! የዶሮ ቤቱን በር ነው የመታሁት፤ ቀዳዳውን በነጋታው አይቼ በጭቃ ደፈንሁት። ፖሙ ግን ወደቀ። ከዚያ አንተ ወደቅህ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሁለትና ሁለት መደመር አያቅተኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኮሳና አባት ግን እንዳያውቅ! በየሄደበት ‹አማቼ ተኳሽ ነው› ይለኛል። ደስታውን ልነጥቀው?»

«ታዲያ ርቀቱን ለምን ትጨምራለህ? ባለፈው ሳምንት ሰማንያ እርምጃ ደርሶ ነበር።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? አንዴ ከጀመሩ መመለሻ የለውም። ደግሞ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚያምነው ሰው ይቀንሳል፤ የሚያምነው ሲቀንስ ኃጢአቱም ይቀንሳል።»

ይህን አስተሳሰብ ሦስት ጊዜ መረመርሁት፤ ስሕተቱን ግን ማግኘት አልቻልሁም።

እንግዲህ ጋሽ ሚሎይኮ ማንም እንዳይሰማ አስምለውኛል። ኮሳና አባቷና ባሏ እንዳይሰሙ አስምላኛለች። ስሬቴን አማቹ እንዳይሰማ ለምኖኛል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በየእሑዱ በአንድ ማዕድ ስቀመጥ፣ ለማን ምን እንዳልናገር ለማስታወስ ሾርባው ይበርድብኛል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አለቃ ቲሆሚር እውነቱን ቢያውቁ ኖሮ ቦታዬ አይነካም ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። ያን አንድ ቃል ግን ሦስት ጊዜ አበድሬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

እማማ ክሩኒያ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ያ ተኳሻችሁ እንዴት ሆነ?»

«ትከሻው እየዳነ ነው። ጥርሱ ደግሞ አንድም አልተነቃነቀም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ በጣም ረጅም ጊዜ ሳቁ። ተኳሹ ስሬቴን መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን የስሬቴን ትከሻ ምን እንደ ሆነ አልሰማሁም። ምናልባት ጠመንጃው መትቶት ይሆናል። ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ኦብራድ ባለፈው እሑድ በሠርግ እንደ ነፋ ሰማሁ። ሙሽሪት አለቀሰች ይላሉ። በደስታ ይሁን በሙዚቃው አልተነገረኝም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31፣ ከእኩለ ቀን በኋላ

የቅዱስ ሉቃስ በዓል፣ የዚህ ቤት ጠባቂ ቅዱስ ቀን። ማንም አይጠራም፣ ሁሉም ይመጣል። አርባ ሰው ይኖራል። ጋሽ ሚሎይኮ የቤቱ ጌታ ስለ ሆኑ ልማዱ እንደሚያዝዘው ቀኑን ሙሉ ቆመው ያስተናግዳሉ። አለቃ ቲሆሚር በራስጌ ተቀምጠዋል። ሰው እየጠራኝ

ያው ቀን፣ ማታ

የሆነውን ሁሉ በሥርዓቱ እጽፋለሁ።

ሦስተኛው ብርጭቆ ሲቀዳ ስሬቴን ስለ ፖሙ ተጠየቀ። ማን እንደ ጠየቀው አላየሁም፤ የጠየቀው ግን ሳቁን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። ስሬቴን መቶ ሃያ እርምጃ አለ፤ ነፋስም ጨመረበት። «ከግራ ነበር የሚነፍሰው» አለ። ነፋስ ሲባል እማማ ክሩኒያ አማተቡ።

አለቃ ቲሆሚር ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ስታመን፣ ከላይ ሆነህ ነፋሱን አላየኸውም?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማንኪያ ሁሉ ቆመ።

«በአርባ ሰው ፊት እጠይቅሃለሁ» አሉ፤ አሁን እየቀለዱ አልነበረም። «ለምን ዛፍ ላይ እንደ ወጣህ እውነቱን ንገረኝ፤ ቦታህ ያንተ ነው። ኦብራድ ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ መጋዝ ቤቱ ይመለሳል። ከዋሸኸኝ ግን አንዱን ባቡር ተሳፈር።»

ጋሽ ሚሎይኮ አረቄ እየቀዱ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፣ እሳቸው ግን መቅዳታቸውን አላቆሙም። ኮሳና አስቀድማ የተቆረጠውን ዳቦ እንደገና ትቆርጣለች። ስሬቴን የጣራውን እንጨት ይቆጥራል። ሦስቱም ገርጥተዋል፤ አንዱም ሌላውን አያይም።

እኔም ይህን ሁሉ አየሁ። እናቴንም አሰብሁ፤ በባቡር ጣቢያ ያለ መለከት ስወርድ ምን እንደምትል። እውነቱ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጣዕሙ ይሰማኝ ነበር።

«ፒር አምሮኝ ነው፣ አለቃ» አልሁ።

«ሰክረህ?»

«ሰክሬ።»

«ጣፋጭ ነበር?»

«ጎምዛዛ ነበር።»

አለቃ ቲሆሚር ተነሡ። ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉና ለቤቱ ቅዱስ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ወጡ። ጨዋታው እንደገና ደራ። እማማ ክሩኒያ ሳልጠይቅ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ሳህኔ ላይ ጣሉልኝ። መብላት አልቻልሁም።

እኔ ሞኝ ነኝ። ለሦስት ሰዎች ደስታ እንጀራዬን ሸጥሁ። እውነቱን ብናገር ኖሮ አንዳቸውም አይሞቱም ነበር፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ያፍሩ ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ሥራ እቀራለሁ። ነገ ብጠየቅ ደግሞ ያንኑ እንደምመልስ አውቃለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ሐኪሙ አዩኝ። አጥንቱ ይዟል። ከባድ ነገር ለመሸከም ግን ሌላ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። ስለ ባቡሩ ጠየቅሁ፤ «ባቡሩ ራሱ ይሸከምሃል» አሉ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ልብሴን እያጣጠፍሁ ሳለ አለቃ ቲሆሚር ገቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ያስደነገጠኝም ይህ ነው።

«እስቲ ወደ ውጭ ና» አሉኝ።

እማማ ክሩኒያ ሦስት ሹራብ ሳያለብሱ አልለቀቁኝም። ከዛፉ ሥር ቆምን። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ነበር።

«ይህ ዛፍ ዘንድሮ አንዲት ፒር አላፈራም» አሉ። «ኤፕሪል ላይ የወረደው ውርጭ አበባውን በላው። በዚህ መንደር የማን ዛፍ ምን እንዳፈራ የማያውቅ ሕፃን የለም። ሚሎይኮ ደንግጦ የፈጠረው ውሸት ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ አንተ ዛፉ ላይ ተቀምጠህ አለማየትህ ነው።»

«ክሩን ነበር የማየው» አልሁ፤ ወዲያውም አፌን ያዝሁ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሠርግ ነፍቻለሁ። ስንት ሙሽራ በጓሮ በር ሲሸሽ፣ ስንት አማት ጥሎሽ ስትደብቅ፣ ስንት ሚዜ ሙሽሪትን አይቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠራን በደንብ ስለምንነፋ ይመስልሃል?»

«ጥሩ እንነፋለን፣ አለቃ።»

«አይ አንተ!» ብለው ሳቁ። «እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ተገኝ።»

«መሸከም አልችልም እኮ። ሁለት ሳምንት ይቀረኛል።»

«ኦብራድ ከኋላ ሆኖ በገመድ ይሸከምልሃል። መሸከሙን ይችልበታል፤ መንፋቱ ነው ያቃተው።»

ለምን ሐሳባቸውን እንደ ለወጡ በግልጽ አልነገሩኝም። ዋሽቼአቸው ነበር፤ የዋሸ ባቡር እንደሚሳፈርም በአርባ ሰው ፊት ተናግረው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አውጥቼ አውርጄ ደረስሁበት፤ ዛፉ ፍሬ እንደሌለው መንደሩ ሁሉ ካወቀ፣ የበዓሉ ዕለት ከአርባው ሰው መካከል ፒር መስረቄን ያመነ አንድም አልነበረም። ታዲያ ማንኪያውን ሁሉ አቁመው ሲጠብቁ የነበረው ምንን ነው? ይህን ለማሰብ ገና ድፍረት አላገኘሁም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

በአጭሩ፤ ጣቶቼ ደክመዋል፣ ከንፈሬም አብጧል።

ነፋሁ። ሄሊኮኑ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ክብደቱን ኦብራድ በገመድ ከኋላ ይዞ፣ እንደ አራት እግር እንስሳ ሆነን በወፍጮ ቤቱ ግቢ ስንዞር ዋልን። ጭፈራው ሲሞቅ ኦብራድ እግሩ አላርፍ ስላለው ወደ ቀኝ ሲስበኝ፣ ጓዱ ሁሉ ወደ ግራ ሲሄድ እኔ ብቻ በዶሮዎቹ መካከል ነፋሁ። አለቃ ቲሆሚር ዓይናቸውን አፈጠጡብን፤ ግን አላቆሙንም። ጋሽ ሚሎይኮ ከእንግዶቹ መካከል ሆነው ብርጭቆ አነሡልኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው ስሬቴን ደግሞ ለአንድ እንግዳ በእጁ ሩቅ ቦታ ያሳየው ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮረብታ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጭፈራ ሊጀመር ሲል ኦብራድ ከኋላዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ስታመን፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ። በእናትህ! ለማንም አልናገርም። ያን ቀን ዛፉ ላይ ምን ስታደርግ ነበር?»

እኔም አፌን ሄሊኮኑ ላይ አደረግሁ።